ሦስት ጭረት ያለባት ቀለህ

በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት አሮጌ የናስ ቀለህ ቆማለች። ርዝመቷ ከስድስት ሳንቲሜትር አይበልጥም፤ በግርጌዋ በኩል ሦስት የሞረድ ጭረቶች አሉባት። ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «ይህች ከየትኛው ጦርነት የተረፈች ናት?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ግን ባየኋት ቁጥር ትዝ የሚለኝ ጦርነቱ ሳይሆን አንድ እፍኝ ቆሎ ነው።

ቀለህዋ የውጅግራ ናት። ውጅግራ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ለሠራዊታቸው ያወጡት ጠመንጃ ሲሆን፣ ስሙም «ፉዚ ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር በአፋችን ተለውጦ የተገኘ ነው። የአፈ ሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ከፋብሪካ የምትወጣው ጥይቱ 25 ግራም እርሳስና ከ5 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ጥቁር ባሩድ ትይዝ ነበር፤ እርሳሷም ከአፈ ሙዙ ስትወጣ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ትበራለች። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከተሰለፉት ጠመንጃዎች አንዱ ይኸው ውጅግራ ነበር። በዚያ ዘመን ጥይት በብዙ ገበያዎቻችን ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገበያይ ነበር። ጥይት ገንዘብ በሆነበት ሀገር ባዶ ቀለህ ሜዳ ላይ አይጣልም፤ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል። ሥራው የእሳት፣ የብረትና የሚዛን ሥራ ነውና በእኛ መንደር የሚያውቁት ጠይቡ ብቻ ነበሩ።

ዛሬ ስለ እኒያ ሰው ስጽፍ «ነበሩ» እላለሁ። ያን ጊዜ ግን በመንዝ ጌራ ምድር፣ በእኛ መንደር፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም «አንተ» ነበር የሚላቸው።

በ1956 ዓ.ም. የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አያቴ ማረሻና ወገል አሠርቼ እንድመጣ ወደ ጠይቡ ቤት ላኩኝ። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም ነበር። ሥራው እስኪያልቅ ወናፉ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስሞቅ፣ ባለቤታቸው ከምጣዱ ላይ ትኩስ የገብስ ቆሎ ዘግነው በባናዬ ጫፍ ላይ አፈሰሱልኝ። አመስግኜ ተቀበልሁ። ሆኖም «የጠይብ እህል አይቀመስም፤ ዓይናቸው ይበላል» እየተባልሁ ያደግሁ ልጅ ነኝና፣ ከቤቱ እንደ ራቅሁ ቆሎውን ወንዝ ዳር ደፋሁት። ባናዬን አራግፌ ዘወር ስል ጠይቡ ከኋላዬ ቆመዋል። ወገሉን ረስቼው ኖሮ ሊሰጡኝ ተከትለውኝ መጥተው ነው። መሬት ላይ የተበተነውን ቆሎ አዩ፤ እኔንም አዩ። ወገሉን በእጄ አስይዘውኝ ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ።

የምመሰገን መስሎኝ ይህንኑ ለአያቴ ነገርኋቸው። አያቴ ዝም ብለው ተነሡና ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ዝናራቸው ይህችን ቀለህ መዝዘው መዳፌ ላይ አስቀመጡ። «ጭረቶቿን ቁጠር» አሉኝ።

አያቴ አርበኛ ነበሩ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ራስ አበበ አረጋይን የመሰሉ የጦር መሪዎች በሸዋ ደጋና ቆላ ጠላትን ሲታገሉ፣ እሳቸውም ከመንዝ ገደላ ገደል ሳይወጡ ተዋግተዋል። ጠመንጃ ነበራቸው፤ የቸገራቸው ጥይት ነው። በዚያ ጊዜ ጠይቡ ወናፋቸውን ተሸክመው ከገደሉ ሥር ዋሻ ውስጥ ገቡ። አርበኞቹም ከተዋጉበት ቦታ ሁሉ ቀለህ እየለቀሙ ያመጡላቸው ጀመር።

አያቴ ሥራውን በዝርዝር ነገሩኝ። ናስ ሲተኮስበት ይሰፋና የዚያኑ ጠመንጃ ማደሪያ ልክ ይይዛል፤ ወደ ሌላ ጠመንጃ ቢገባ ይጣበቃል ወይም ይላላል። ስለዚህ ጠይቡ የእያንዳንዱን ሰው ቀለህ በሞረድ ምልክት ይለዩ ነበር፤ የአያቴ ምልክት ሦስት ጭረት ነበረች። ናስ ደግሞ በተተኮሰ ቁጥር ይደድራል፤ እንዳይሰነጠቅ የቀለሁን አፍ በፍም አሙቀው ያለሰልሱታል። ከሁሉ የቸገረው በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው እሳት ጫሪ ቆብ ነበረች፤ እሷ ከከተማ በእህል ውስጥ ተደብቃ ትመጣለች። እርሳሱን አቅልጠው ካፈሰሱ በኋላ አንዲት የፋብሪካ እርሳስ በሚዛኑ በአንድ በኩል አስቀምጠው ሁሉንም ከእሷ ጋር ይመዝናሉ፤ የከበደውም የቀለለውም ተመልሶ ይቀልጣል። ባሩዱን የሚሰፍሩት በተቆረጠ የቀንድ ጫፍ ነበር፤ ሞልተው አፉን በቢላዋ ጀርባ ይጠርጉታል። በባሩዱና በእርሳሱ መካከል ስስ የሰም ክብ ያስገባሉ፤ ከዚያ እርሳሱን ክፍተት ሳይተዉ ይጭኑታል።

አያቴ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበሩና ትዕግሥት አልነበራቸውም።

«ጨምርበት እንጂ! ምን ትሰስታለህ? ኃይል ይኑረው!»

ጠይቡ ቀና ሳይሉ መለሱ። «ጌታዬ፣ አንዷን ባበረታት ከፍ ብላ ታልፋለች፤ ሌላዋን ባሳንሳት ከእግሩ ሥር ትወድቃለች። እርስዎ የትኛዋን አምነው ያነጣጥራሉ? ሰው የሚመታው በብዛቱ አይደለም፤ በእኩልነቱ ነው።»

ይህን ምክር ያልሰማ አንድ ጓደኛቸው ነበር። ከጠላት ከተማረከ የ6.5 ሚሊሜትር ጥይት ውስጥ ጭስ አልባውን ባሩድ አፍስሶ፣ በጥቁሩ ባሩድ ልክ ውጅግራው ውስጥ ሞላው። ጭስ አልባ ባሩድ ከጥቁሩ እጅግ የበረታ ነው፤ አሮጌው ብረት ያን ግፊት ሊችል አልቻለም። ጠመንጃው ፊቱ ላይ ፈነዳ፤ ሰውየው አንድ ዓይኑን አጣ። አያቴ ግን በሦስት ጭረት ቀለሆቻቸው፣ ከሁለት መቶ እርምጃ ላይ የቆመ ሰው እንደማይስቱ እያወቁ እስከ ድል ቀን ደረሱ።

ይህን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «በዋሻው ውስጥ የሱ እንጀራ ለብቻው፣ በድንጋይ ላይ ነበር የሚቀመጥለት። አምስት ዓመት ነፍሴን ለእጁ ሰጥቼ፣ እጁ የነካውን እህል ግን አልቀመስኩም። እስከ ዛሬም አልቀመስኩም። አንተ ዛሬ የደፋኸው ከእኔ የተማርኸውን ነው።»

አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛ እንዳይሰደብ ዐዋጅ አውጥተው ነበር። ዐዋጁ እስከ ገበያው ደርሶ ይሆናል፤ እኛ ቤት ግን ከምድጃው ደጃፍ ተመልሷል። «ጠይብ» የሚለው ቃል ራሱ «ጠቢብ» ከሚለው የመጣ ነው። ዛሬ ሥዕሉን፣ ዜማውንና ግጥሙን ጥበብ ብለን የምንጠራበት ቃል፣ ብረት የሚያቀልጠው ሰው ላይ ሲደርስ ስድብ ሆኖ ኖረ።

በማግሥቱ አያቴ የሥራውን ዋጋ ገብስ ሰፍረው አሸከሙኝና፣ «አንቱ በላቸው» አሉኝ። ጠይቡ ገብሱን በራሳቸው ቁና ሰፈሩ፤ ከልኩ በላይ የሆነውን መልሰው ከረጢቴ ውስጥ ጨመሩት። ባለቤታቸው እንደ ትናንቱ ቆሎ አላቀረቡልኝም። ጥቂት ቆሜ፣ «አንቱ፣ ቆሎ አለ?» አልኋቸው።

መዶሻው ቆመ። ሴትየዋ ባላቸውን አዩ፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆሎው ጥቂት አርሮ ነበር። እዚያው ቆሜ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በላሁት።

አያቴ ግን ወደዚያ ቤት አልሄዱም። ሦስት ጊዜ ያህል ከዘራቸውን አንሥተው ከደጅ ሲመለሱ አይቻለሁ። በ1962 ዓ.ም. ሲያርፉ ጠይቡ ከቀብሩ መጡ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው አልቅሰው ተመለሱ። «ይግቡ» ያላቸው አልነበረም፤ እኔም አላልኋቸውም።

መምህር ሆኜ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ መንደሬ ስመለስ የወናፉ ቤት ፈርሷል። ከአመዱ መካከል ብረት ይቀጠቀጥበት የነበረው ድንጋይ ብቻ ቀርቷል። ተማሪዎቼን ስለ አርበኞች ሳስተምር ይህችን ቀለህ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፋታለሁ። ጭረቶቹን ቆጥረው፣ «የማን ምልክት ነው?» ይሉኛል። የአያቴ ነው እላቸዋለሁ። የሠራት ሰው የሁሉንም ምልክት በየቀለሁ ላይ ሲያኖሩ፣ የራሳቸውን ግን የትም አላኖሩም።