ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን

ዛሬ ስለ ጅብ ላውራችሁ። በተለይ ማሽላ ጥበቃ የምታድሩ ተማሪዎቼ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ከደጋን ወጣ ብሎ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ማሽላ ሲጠብቅ ከማማው ወርዶ መሬት ላይ እንቅልፍ ወሰደውና ጅብ ክንዱን ነከሰው። ሰምቼ ልጠይቀው ስሄድ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ሐኪም አላየውም። እናቱ "መምህር፣ ይሄ እኮ ጅብ አይደለም፣ ቡዳ ነው። መርፌ ያብስበታል" አሉኝ። የጠረጠሩት ደግሞ ጎረቤታቸውን ቀጥቃጩን ነው። የዚያ ሰው ልጅ እኔ ክፍል ትማራለች። ሰኞ ስገባ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት።

አፈርኩ። ክፍል ውስጥ ስለ ጅብ ሲነሳ የቡዳውን ወሬ ሁሌ በሳቅ ነበር የማልፈው።

እና አሁን ልናገር።

"ጅብ ፈሪ ነው፣ የሞተ ብቻ ነው የሚበላ" ይባላል። ውሸት ነው፤ ራሱ አድኖም ይበላል። የተኛ ሰው ደግሞ ይቀለዋል። መሬት ላይ አትተኙ፤ ብቻችሁንም አትደሩ።

"ካየኸው ሩጥ" ይባላል። በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጠውን እንዴት ታመልጠዋለህ? ፊትህን ወደ እሱ አዙር፣ ጩህ፣ ባትሪ አብራ፣ ጀርባህን ሳትሰጥ ቀስ ብለህ ሽሽ።

"ሰው ነው የሚልከው" ይባላል። የሚልከው ሆዱ ነው። ትግራይ ውስጥ እነ ጊደይ ይርጋ የጅብ ኩስ መርምረው በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በዐቢይ ጾም የሥጋ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቦቹ አህያ መብላት አብዝተው ነበር። ሥጋና ጥንብ ደጅ የሚጥል ሰው ነው ጅብ የሚጠራው፣ ቀጥቃጩ አይደለም።

ትልቁ አደጋ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ጅብም ያስተላልፈዋል። ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ልጁን የዚያኑ ዕለት ይዘነው ሄድን። ክትባቱን ጨርሷል፣ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እናቱም መርፌውን አመስግነዋል።

የልጅቷ ዴስክ ግን እስካሁን ባዶ ነው የአንድ ሰው ቦታ። እዚያ ክፍል ያላችሁ ልጆች ይህን እንደምታነቡ አውቃለሁ። ነገ አንዳችሁ አጠገቧ ተቀመጡ።