አማና በፌስታል አይጠቀለልም



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ጉዞ ነው። ጉዞው ከጎረቤላ እስከ አዲስ አበባ ነውና ረጅም ነው አይባልም። ነገር ግን ሩቅ አገር ደርሶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ቅርብ ሄዶ ጥፋቱን አውቆ የሚመለስም አለና ላካፍላችሁ ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

እኔ በአንኮበር ወረዳ በጎረቤላ ከተማ ልጆች ቁርኣን የማስቀራ ሰው ነኝ። የቀራሁት መድረሳ ነው፤ በመንግሥት ትምህርት ቤትም ሁለተኛ ደረጃን ጨርሻለሁ፤ ከዚያ በላይ አልገፋሁም። ስለ ቤተ መጻሕፍት የማውቀው ነገር ቢኖር የሸኻችንን ሣጥን ነው።

ሸኻችን (አላህ ይዘንላቸው) ያስቀሩን የነበረው ከጎረቤላ በታች ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው ቁልቁለት ነበር። አልዩ አምባን ለማታውቁ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሸዋ ነገሥታት አንኮበር ላይ ተቀምጠው ሳሉ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያራግፍበት ትልቅ ገበያ ነበር። ሸኻችን «የኛ ኪታብ በግመል የመጣ ነው» ይሉን ነበር። በሣጥናቸው ውስጥ በእጅ የተጻፉ አርባ ያህል ኪታቦች አሉ። ፊቅህ አለ፣ ነሕው አለ፣ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መንዙማም አለ። በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ አስጠርተውኝ «ሣጥኑ ወቅፍ ነው። አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ሊቀራ የመጣ ግን አይከለከልም» አሉኝ። ቁልፉ ባለቤታቸው ዘንድ ቀረ። እኛ ደረሶች «እማ» እንላቸዋለን። ኃላፊነቱ ግን በኔ ላይ ወደቀ።

ከሦስት ዓመት በፊት ክረምቱ ከበደ፤ ጣሪያው አፈሰሰና ሁለት ኪታቦች ተበላሹብን። «ዝናብ ነው» አልኩ። እማም «የአላህ ቀደር ነው፣ ምን ይደረጋል» አሉ። በዚህ ነገሩ ተዘጋ። ተዘጋ ብዬ ነበር ማለቱ ይሻላል።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ቤተ መጻሕፍት ቴክኖሎጂ የሚመክር የሁለት ቀን ጉባኤ ተዘጋጀ። ጥንታዊ መጻሕፍት ያሏቸው መስጊዶችና ገዳማትም እንዲሳተፉ በመታሰቡ ለኛም ጥሪ ደረሰን። የመስጊዳችን ሽማግሌዎች ተማክረው «ሣጥኑን የምታውቅ አንተ ነህ፣ ሂድ» አሉኝ። እኔ ደግሞ በልቤ «ኮምፒውተር በሚያውቅ ሰው መሐል ምን ልሠራ ነው?» እያልኩ እሺ አልኩ።

የሰፈራችን ሰው በነዚህ ዓመታት ሲጓዝ አስቀድሞ የሚጠይቀው መንገዱ ክፍት መሆኑን ነው። ሰላም መሆኑን አጣርቼ፣ ሱብሕ ሰግጄ ወጣሁ። ጎረቤላ እንደምታውቁት ጉሙ ከገደሉ ሲነሳ በአምስት እርምጃ ያለ ሰው አይታይም። ሚኒባሷ መብራቷን አብርታ፣ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ መንገድ እያሳየ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ ተጉዘን ደብረ ብርሃን ገባን። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ጠጥቼ በሌላ መኪና ቀጠልኩ። ጫጫን፣ ሸኖን፣ አሌልቱን፣ ሰንዳፋን አልፈን፣ 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰን ላምበረት ስንደርስ ዙህር ሆኖ ነበር። መንገደኛ ነኝና ዙህርንና ዐስርን አሳጥሬ፣ አንድ ላይ ሰገድኩ። አላህ ዲኑን እንዴት እንዳገራልን አስቡት! ሌሊቱን መርካቶ ዘመድ ቤት አደርኩ።

በማግስቱ ከአዳራሹ ስገባ ሰዉ ሁሉ ከፊቱ ኮምፒውተር ዘርግቷል። እኔ የዘረጋሁት ደብተር ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ከአንድ ገዳም የመጡ መሪጌታ ነበሩ፤ እርሳቸውም ደብተር ነው የያዙት። ተያየንና ሳቅን። «ሼኽ፣ እርስዎም እንደኔ በእጅ ነው?» አሉኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለቱን ቀን አልተለያየንም።

በመጀመሪያ የተነገረው ኮሃ ስለሚባል የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ነበር። የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ፣ ማን እንደተዋሰው፣ መቼ እንደሚመልስ የሚመዘግብ ነው። በኒውዚላንድ ሆሮውሄኑዋ በምትባል አካባቢ ያለ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1999 አሠርቶት በ2000 መጀመሪያ ሥራ ላይ አዋለው። ከዚያም ለራሴ ብቻ ሳይል ለዓለም ሁሉ በነፃ ለቀቀው። ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት፣ አሻሽሎም ለሌላው ሊያካፍለው ይችላል። ዛሬ በሀገራችን የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትም ይሠራበታል። ኮሃ የሚለው ቃል በአገሩ ተወላጆች በማኦሪዎች ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ይህን ስሰማ ወደ መሪጌታ ጠጋ ብዬ «ይሄማ ወቅፍ ነው» አልኳቸው። ባለቤቱ አንድ ሰው ሳይሆን ተጠቃሚው ሁሉ የሆነ ነገር! እኛ በመስጊድ ጉድጓድና በቀብር መሬት የምናውቀውን፣ እነርሱ በኮምፒውተር ሠሩት።

ቀጥሎ ስለ ጥንታዊ ጽሑፎች ተነሳ። የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ትልቅ ሥራ በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተነስተዋል። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈው የኛ ቅርስ ግን ዘግይቷል። በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉት የኢስላማዊ ጽሑፎች ዝርዝር በአሌሳንድሮ ጎሪ ተዘጋጅቶ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የቲምቡክቱም ነገር ተነገረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ታጣቂዎች ከተማዋን ሲይዙ ሰዎች ኪታቦችን በቆርቆሮ ሣጥን እያደረጉ፣ በመኪናና በጀልባ እየደበቁ ወደ ባማኮ አሸሹ። በ2013 መጀመሪያ ታጣቂዎቹ ሲወጡ ያልሸሹትን በሺዎች የሚቆጠሩ አቃጠሉ። በአዳራሹ ውስጥ ሁሉም ጸጥ አለ። የሁላችንም አገር መንገድ በዓይናችን ላይ መጣ መሰለኝ።

ውድ አንባቢ፣ እኔን የነካኝ ጉዳይ የመጣው ግን በሁለተኛው ቀን ነው። አንዲት ወጣት ባለሙያ ስለ ወረቀት ጤንነት ማስተማር ጀመረች። «መጽሐፍን በፌስታል አትጠቅልሉ» አለች። «ወረቀት በውስጡ እርጥበት አለው። ፌስታሉ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ከዚያም ሻጋታ ይበቅላል። በሙጫ የተቀመመው የጥንት ቀለም ደግሞ ሲርስ ይለሰልስና ቅጠሉን ከቅጠሉ ያጣብቀዋል።»

እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። ያን ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ገበያ ሄጄ ፌስታል ገዝቼ፣ እያንዳንዱን ኪታብ ጠቅልዬ፣ በሲባጎ ጥፍር አድርጌ ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። ሁለቱ ትንሽ ርሰው ነበር፤ ሳላደርቃቸው ጠቀለልኳቸው። በጋ ላይ ስፈታቸው ቅጠሎቻቸው ተጣብቀው እንደ ጡብ ሆነው ነበር። ዝናቡ ያረሰው ጥቂት ነው፤ የቀረውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሻጋታው ሲሸተኝ የፌስታሉ ነገር በልቤ ሽው ብሎ ነበር። ግን «ዝናብ ነው» ማለት ቀለለኝ። አዎን፣ የአላህ ቀደር ነው፤ ሰው ግን የራሱን ቸልተኝነት በቀደር ስም መሸፈን ይችላልን? አላህ ይማረኝ።

መሪጌታ ፊቴን አይተው «ምን ሆኑ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እኔም የተቀደደ ብራና በፕላስተር ለጥፌያለሁ። አሁን ነው ፕላስተር መርዝ መሆኑን የሰማሁት» አሉ። ሁለት ሽማግሌ ለመሆን የደረስን ሰዎች፣ አጥፍተው እንደተያዙ ልጆች አቀርቅረን ተቀመጥን።

ስመለስ ጎረቤላ ቤቴ እንኳ ሳልገባ ቁልቁል ወደ እማ ወረድኩ። ቡና እያፈሉ ደረስኩ። አስቀድሜ የፌስታሉን ነገር ተናገርኩ። «እማ፣ ዝናብ ነው ያልኩዎት ውሸት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አውፍ ይበሉኝ» አልኩ። እማ የፍም ማንሻውን እንደያዙ ቆዩ። «እኔስ ፌስታሉን ሳይ ሙቀት ያፍነዋል ብዬ ነበር። የተማረው እሱ ነው ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ። ይህ ቃላቸው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። በጣት የሚቆጠር ዓመት ትምህርት ቤት የሄድን ሰዎች፣ ያልሄዱትን ለመጠየቅ ለምን እናፍራለን?

ከዚያ ኪታቦቹን ፎቶ ስለማንሳት አነሳሁ። «ይሄስ አይሆንም!» አሉ። «የሸኽህ ኪታብ ስልክ ውስጥ ገብቶ ሲያበቃ ማን ሊቀራ ይመጣል? ሸኽህም፣ አባቶቹም ይህን አላደረጉም።»

እኔም ታሪክ አስታወስኳቸው። በየማማ ዘመቻ ቁርኣንን በልባቸው የያዙ ብዙ ሰሓቦች ሸሂድ በሆኑ ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ) ቁርኣኑ ባንድ ላይ ተጽፎ እንዲሰበሰብ ሲያማክሩ፣ አቡበክር (ረ.ዐ) መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ያልሠሩትን እንዴት እንሠራለን ብለው አመንትተው ነበር። ኋላ አላህ ልባቸውን ከፈተላቸውና ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ) አዘዙ። «ያ ጽሑፍ ኋላ ማን ዘንድ ተቀመጠ፣ እማ?» አልኳቸው። «ሐፍሷ ዘንድ ነዋ» አሉ። «ዑስማንስ (ረ.ዐ) ሊያስገለብጡት ሲፈልጉ ምን አደረጉ?» «ከርሷ ተውሰው አስገለበጡ፤ መለሱላት።»

እማ ቁልፋቸውን ከአንገታቸው ዳሰሱ። «እንግዲያው ገልብጥና መልስ» አሉ። «ግን ሳይቀራ አይገለበጥም። እያንዳንዱን ኪታብ አስቀድመህ ለደረሶች አስቀራ፤ ከዚያ አንሳው። ሥዕሉ ብቻ ቀርቶ ንባቡ እንዳይጠፋ።»

በጉባኤው ብዙ ምሁር ሰማሁ፤ ከዚህ የበለጠ ምክር ግን አልሰማሁም። እነሆ ዓመት ሊሆነን ነው፤ ሰባት ኪታብ ቀርተን ሰባት አንስተናል። አናጢ በሠራልን ማቆሚያ ላይ ስልኩን አስረን፣ ያለ ፍላሽ፣ በመስኮት ብርሃን እናነሳለን። የኪታቡን ስም፣ የጸሐፊውን፣ የገልባጩን፣ ዓመተ ሂጅራውንና የወቅፉን ቃል በመዝገብ እንጽፋለን። ቅጂውን በሦስት ቦታ አስቀምጠናል፤ አንዱ ደብረ ብርሃን ነው። አንድ ቀን አንድ ደረሳ ቅጠሉን ወደ ብርሃን ሲያነሳ በወረቀቱ ውስጥ ሦስት ጨረቃ አየና ጮኸ። ለሙስሊም አገሮች ገበያ በጣሊያን ይሠራ የነበረ ወረቀት ምልክት መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ጨረቃ ለማየት ሲሉ ቀድመው ይመጣሉ።

ሁለቱን የተጣበቁ ኪታቦች ግን አልነካናቸውም። በአቡጀዲ ጠቅልለን፣ ባለሙያ እስኪገኝ አስቀምጠናቸዋል። በውስጣቸው ምን እንዳለ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም። ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር አያቸዋለሁ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተስ ቤት የአያት ሣጥን የለምን? ካለ ዛሬ ክፈቱት። ከፌስታል አውጡት፤ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት። ከመሬትና ከግድግዳ አርቁት። የረሰ ቢኖር ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኝበት፣ በቅጠሉ መሐል ንጹሕ ወረቀት እያስገባችሁ አድርቁት። በፕላስተር አትለጥፉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ፣ የሚያውቅ ሰው ጠርታችሁ አስቀሩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሞት በኋላ ምንዳው ከማይቋረጥ ሥራ መካከል ሰዎች የሚጠቀሙበትን ዕውቀት ቆጥረዋል። ኪታቡ በሣጥን ውስጥ ሻግቶ ከቀረ ግን ማን ይጠቀምበታል?

አላህ አማናችንን የምንጠብቅ፣ ስናጠፋም አጥፍተናል የምንል ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።