ወርቅ ሊቆፍሩ ነው እንዴ?

ዮርዳኖስ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰዓቷን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማዞር ትታለች። በዚህም የአማንና የአዲስ አበባ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አንድ ሆነ፤ አገር ቤት ለመደወል መደመርና መቀነስ ቀረ። ፀሐይ ግን በዚህ ስምምነት ላይ አልፈረመችም። በታኅሣሥ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ 12 ሰዓት ተኩል ግድም የምትወጣው ፀሐይ፣ እዚህ አማን 1 ሰዓት ተኩል ካላለፈ ብቅ አትልም። ማታ ደግሞ 12 ሰዓት ሳይሞላ ተሰናብታ ትሄዳለች። ስለዚህ ከሥራ በፊትም ሆነ በኋላ ልሩጥ ያለ ሰው የሚሮጠው በጨለማ ነው።

የምኖረው ኡም ኡዘይና፣ ከስድስተኛው አደባባይ አጠገብ ነው። ሰፈሩ የሆቴልና የኤምባሲ ሰፈር ነው፤ የመንገድ መብራት አልጎደለውም። የጎደለው እግረኛ የሚሄድበት ነው። ጠርዙ ጉልበት ሊደርስ ምንም የማይቀረው የእግረኛ መንገድ መሐሉ ላይ የወይራ ዛፍ ተተክሎበታል፤ የመንገዱ መብራት ቅጠሉን ያበራና ሥሩን ለጥላ ይተወዋል። ከዚያ ደረጃ ይመጣል፤ ከደረጃው ቀጥሎ የአንድ ቪላ የመኪና መግቢያ ሰያፍ ወርዶ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ከቁርጭምጭሚቴ ጋር ካሰላሁ በኋላ በግንባር የሚታሰር ባትሪ ገዛሁ።

መጀመሪያ ያየችኝ እዚያው ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ የአገሬ ልጅ ናት። ማለዳ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ አገኘችኝና ግንባሬን ከነባትሪው ተመለከተች።

«ጋሼ፣ ወርቅ ሊቆፍሩ ነው እንዴ?»

«ልሮጥ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ሩጫ ጉድጓድ ውስጥ ነው?» ብላ እየሳቀች ገባች።

የዕቃውን ዘር ማንዘር ብቆጥር እውነትም መነሻው ጉድጓድ ሆኖ አገኘሁት። ከአማን ወደ ደቡብ፣ ፌይናን የሚባለው ሸለቆ ውስጥ፣ ሰው ለሺህ ዓመታት መዳብ ቆፍሯል። ሮማውያን በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፍርደኞችን፣ ከእነሱም ጋር ብዙ ክርስቲያኖችን፣ ወደዚያ ጉድጓድ ይልኩ ነበር። መብራታቸው በዘይት የምትነድ የሸክላ ኩራዝ ነበረች። ኩራዟን የያዘ እጅ ደግሞ መዶሻ አይዝም።

እሳቱ እጅን ለቆ ራስ ላይ ለመውጣት እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጠበቅ ነበረበት። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ጀበና የምታህል እንኳ ሳትሆን የጀበና ጡት ብቻ የምታህል የዘይት ኩራዝ ቆባቸው ላይ ሰኩ። ሁለት እጅ ነፃ ወጣ፤ ራስ ግን የሚነድ ክር ተሸከመ። ጉድጓዱ ውስጥ ሚቴን ካለ ደግሞ ነበልባሉ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ከቆቡ ኩራዝ በፊትም፣ በ1812 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዝ አገር ፌሊንግ በሚባል የከሰል ማውጫ 92 ሰው በፍንዳታ ሞቶ ነበር። ሃምፍሪ ዴቪ ከሦስት ዓመት በኋላ ነበልባሉን በሽቦ ወንፊት ከቦ እሳቱ በውጭ ወዳለው ጋዝ እንዳይሻገር አደረገ፤ ያ ፋኖስ ግን የሚያዘው በእጅ ነበር። ቀጥሎ ካርባይድ መጣ። ጋራዥ አካባቢ ያደገ ሰው ሽታውን አይስተውም፤ ውኃ ጠብ ሲልበት የሚነድ ጋዝ ያወጣል። እሱንም ቆባቸው ላይ አሰሩት። በ1914 እ.ኤ.አ. ግድም ኤዲሰን ባትሪውን ወገብ ላይ፣ አምፖሉን ቆብ ላይ አድርጎ እሳትን ከራስ ላይ አወረደ።

ለጨዋታ ብለው መሬት ውስጥ የሚገቡ ሰዎችም ዕቃውን ከሠራተኛው ተዋሱት። ፈረንሳዊው ዋሻ አሳሽ ፌርናንድ ፔትዝል በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባትሪውንም አምፖሉንም አንድ ላይ ራስ ላይ የሚያስር መብራት አወጣ። ጃፓናዊው ሹጂ ናካሙራ በ1993 እ.ኤ.አ. ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ሠራ፤ ነጭ ኤልኢዲ የተገኘው ከእሱ ነው፤ ሥራው በ2014 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ኖቤል አሸልሞታል። በ2000 እ.ኤ.አ. የፔትዝል ድርጅት ቲካ የተባለችውን ኤልኢዲ መብራት ሲያወጣ የማዕድን ቆፋሪው ሸክም በኪስ የሚያዝ ሆነ።

እኛስ በዚህ የዘር ሐረግ ውስጥ የት አለን? ጧፉም፣ ማሾውም፣ ችቦውም አንድ እጅ ይወስዳል። በሌሊት ስፖርት ግን ከሁሉ የሚልቀው ታሪክ የእኛው ነው። አበበ ቢቂላ መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ማራቶን ሲጀምር ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሲጨርስ መሽቷል። በአፒያ ጎዳና ዳር ችቦ ይዘው ያበሩለት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው፤ የአገራቸው ጦር አዲስ አበባ ከገባ ገና 24 ዓመቱ ነው። አበበ በባዶ እግሩ፣ በባዶ ግንባሩ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ከዚህ የተሻለ መብራት ሱቅ ውስጥ አይገኝም።

እኔ ችቦ የሚይዝልኝ ሠራዊት ስለሌለኝ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ «ያ ኡስታዝ፣ 1000 ሉመን!» ብሎ ካርቶኑን አሳየኝ፤ ሉመን የብርሃን ብዛት መለኪያ ነው። ካርቶን የሚናገረውን ማድመጥ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በምን ቋንቋ እንደሚናገር ይታወቅ። በተለመደው መስፈርት «100 ሜትር ያበራል» ማለት በ100 ሜትር ላይ የሚደርሰው ብርሃን የጠራ ሰማይ ሙሉ ጨረቃን ያክላል ማለት ነው። «40 ሰዓት ይቆያል» ማለትም ብርሃኑ ወደ አንድ አሥረኛው እስኪወርድ ድረስ ነው። ያ 1000 ሉመን ብዙውን ጊዜ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚቆይ ጉራ ነው።

ሌላም ነገር አለ። መብራቱ ከዓይን አጠገብ ስለሚነሣ የድንጋዩን ጥላ ከድንጋዩ ጀርባ ይደብቀዋል፤ ነጩ የአማን ጠጠር ሁሉ አንድ ልክ ይመስላል፤ እግር የሚሰናከለውም በዚህ ነው። አንዳንድ ሯጮች ሁለተኛ መብራት ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ጥላውን ለማስመለስ ነው። በዋዲ ሩም በረሃ ኮከብ ለሚያይ ሰው ደግሞ ቀይ መብራት ያስፈልጋል፤ ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ነጭ መብራት ያን ሁሉ በአንድ አፍታ ያፈርሰዋል።

ስለዚህ ገዢ ሆይ፣ ሉመኑን ተወውና ሱቁ ውስጥ አጥልቀህ ራስህን ነቅንቅ። ካልተንሸራተተ፣ ወደ መሬት ከታጠፈ፣ ቁልፉም በጓንት ከተጫነልህ ግዛው፤ ለሩጫ ከ200 እስከ 400 ሉመን ይበቃሃል። ከፊትህ ሰው ሲመጣ ግን ዝቅ አድርገው፤ ዓይኑን ያጠፋህበት ሰው የእግዜር ሰላምታህን አይመልስልህም።