የቅዱስ ሚካኤል ተራራና የባሕሩ ሙላት

በፈረንሳይ አገር በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ኖርማንዲ በሚባለው ክፍል ዳርቻ፣ በሰፊ የባሕር አሸዋ መካከል ብቻውን የቆመ አንድ ዐለት አለ። በራሱ ላይ ገዳም፣ በጐኑ ትንሽ መንደር፣ ዙሪያውንም የድንጋይ ቅጥር አለበት። ስሙ ሞን ሳን ሚሼል ይባላል፤ በቋንቋችን የቅዱስ ሚካኤል ተራራ ማለት ነው። በአገሩ ትውፊት የአቭራንሽ ከተማ ጳጳስ የነበረው ኦበር በ708 ዓ.ም. በመልአኩ ስም የመጀመሪያውን የጸሎት ቤት አሠራበት፤ በ966 ዓ.ም. ደግሞ የቤኔዲክቶስን ሥርዓት የሚከተሉ መነኮሳት ገቡበት። (ለይተን ካልተናገርን በቀር ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

በተራራ ራስ ላይ የመላእክት አለቃ ስም የሚጠራበት ደብር ማየት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳው ነገር ከእግሩ በታች ያለው ባሕር ነው። ጨረቃ ከሞላች ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። ከቀትር በኋላ ስንደርስ ባሕር የሚባል ነገር አላየንም። ዐይናችን እስከ ደረሰበት ድረስ የሚታየው ግራጫ አሸዋና ጭቃ፣ በመካከሉም እንደ እባብ የሚጠማዘዙ ቀጫጭን የውኃ መውረጃዎች ብቻ ነበሩ። ባሕሩ የት ሄደ ብለን ብንጠይቅ አንድ የአገሩ ሰው እጁን ዘርግቶ ወደ ሰማይ ጠርዝ አመለከተን። በታላላቆቹ ቀኖች ውኃው ከዳሩ እስከ 15 ኪሎ ሜትር ድረስ ይርቃልና። ወደ ማታ ግን ከሩቅ አንድ ነጭ መስመር ታየ፤ ቀጥሎም እንደ ነፋስ ያለ ሹክሹክታ ተሰማ። መስመሩ እየቀረበ ሲመጣ ውኃ መሆኑን አወቅን። የመጣውም በፊት ለፊት ብቻ አልነበረም፤ አስቀድሞ በየመውረጃው ሾልኮ እየገባ ከኋላ ዞረ እንጂ። ብዙም ሳይቈይ ሰዎች ሲራመዱበት ያየነው ሜዳ ጀልባ የሚንሳፈፍበት ጥልቅ ሆነ።

በዚህ ስፍራ በባሕሩ ሙላትና በጕድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከፍ ሲል 14 ሜትር ያህል ይደርሳል። ባለ አራት ፎቅ ቤት በአሸዋው ላይ ቢሠራ ከቀትር በኋላ በደረቅ ቆሞ ማታ እስከ ጣራው ይጠልቃል ማለት ነው።

የዚህ ነገር ዋና ምክንያት ጨረቃ ናት። ጨረቃ ምድርን ትስባለች፤ ስበቷም በቀረባት በኩል ይበረታል፣ በራቃት በኩል ይደክማል። ስለዚህ ከጨረቃ ትይዩ ያለው ውኃ ከምድሪቱ አብልጦ ስለሚሳብ ወደ እርሷ ያብጣል። በማዶ ያለው ውኃ ደግሞ ምድሪቱ ከእርሱ አብልጣ ስለምትሳብ ወደ ኋላ ይቀርና እርሱም ያብጣል። ምድር በእነዚህ በሁለቱ እብጠቶች ሥር ስትዞር አብዛኛው የባሕር ዳር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጐድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሁለተኛው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው፤ ጨረቃም በየቀኑ ወደ ፊት ስለምትሄድ የነገው ሙላት ከዛሬው 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ፀሐይም ትስባለች፤ ዳሩ ግን እጅግ ስለራቀች በዚህ ሥራ ኃይሏ ከጨረቃ እኩሌታ ያንሳል። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ ሁለቱ በአንድ መስመር ሆነው በአንድነት ስለሚስቡ ሙላቱ ይበረታል፤ ጨረቃ እኩሌታዋ በሚታይበት ጊዜ ግን እርስ በርሳቸው ስለሚሻሙ ይደክማል። ከሁሉም የሚበረታው ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ሰሞን፣ በመጋቢትና በመስከረም ነው።

አበቅቴውን፣ ሕፀፁንና ዕለቱን ደምሮ የጨረቃን ሌሊት የሚያወጣ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ እንግዲህ በዚያ ዳርቻ ቢቆም ባዳ አይሆንም። ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ማረጋገጥ ባይከፋም፣ ታላቁ ሙላት በየትኛው ሰሞን እንደሚመጣ ከቤቱ ሳይወጣ ሊናገር ይችላል። በእውነትም በአውሮጳ ይህን ነገር አጥርተው ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ቤዳ የተባለ የእንግሊዝ አገር መነኵሴ ነበር። በ725 ዓ.ም. የፋሲካን አወጣጥ ለማስተማር በጻፈው የዘመን ቍጥር መጽሐፍ፣ ሙላቱ ከጨረቃ ጋር በየቀኑ እንደሚዘገይና ሰዓቱም በየባሕር ዳሩ የተለያየ እንደሆነ ገልጿል። ኒውተን ምክንያቱን በስበት ሕግ ያስረዳው ከዚህ በኋላ በ1687 ዓ.ም. ነው።

ጣና ስለ ምን እንዲህ አይሆንም የሚል አንባቢ ይኖራል። ጣና ለእኛ ሰፊ ቢሆንም ለጨረቃ ግን ጠባብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ያለው የስበት ልዩነት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የክረምቱ ዝናብ ነው። ቀይ ባሕርም ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኘው ባብ ኤል መንደብ በሚባለው ጠባብ በር ስለሆነ ሙላቱ መጠነኛ ነው፤ በመካከለኛው ክፍሉ የለም ለማለት ያስደፍራል። ሰፊው ውቅያኖስ ራሱ በመካከሉ የሚነሣው ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። በኖርማንዲ ይህን ያህል የሚቈለለው ከባሕሩ ዳር አቀማመጥ የተነሣ ነው። ከአትላንቲክ የመጣው ሙላት በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ወዳለው ጥልቀት የሌለው ባሕር ሲገባ ኮታንታን የሚባለው ወደ ባሕር የገባ ምድር መንገዱን ይዘጋበታል፤ መሄጃ ያጣው ውኃም ወደ ላይ ይነሣል። ውኃ የሞላ ገበቴ ይዞ የተራመደ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ውኃው እንደ ጋላቢ ፈረስ ይመጣል የሚል አባባል በአገሩ አለ። ነገሩ ተጋኗል፤ ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ ብዙ አይበልጥም። የሚገድለው ፍጥነቱ ሳይሆን ከኋላ ዞሮ መክበቡ፣ ከዚያም እግርን ውጦ የሚይዘው ለስላሳ አሸዋ ነው። በቀደመው ዘመን በእግር ይሻገሩ ከነበሩት ተሳላሚዎች በዚህ የጠፉ ብዙዎች ናቸው፤ ዛሬም መንገዱን የሚያውቅ መሪ ሳይይዙ ወደ አሸዋው መውረድ አይገባም። ይኸው ባሕር ለተራራው ቅጥር ሆኖታል። እንግሊዝና ፈረንሳይ በተዋጉበት በረጅሙ ጦርነት፣ በ1434 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አደጋ ጥሎበት ሳይሆንለት ተመለሰ፤ ጥሏቸው የሄዱት ሁለት መድፎች ዛሬም በበሩ አጠገብ ይታያሉ።

ባሕሩ ለዳርቻው ሰው እንጀራም ነው። በጐደለ ጊዜ በአሸዋው ላይ በተተከሉ እንጨቶች የሚያረቡትን ዛጐል ለበስ የባሕር ምግብ ይለቅማሉ። ባሕሩ አልፎ አልፎ የሚያለብሰው ሣር ጨው ስላለበት በዚያ የሚሰማሩት በጎች ሥጋ የተወደደ ነው፤ ለከብቱ አሞሌ ለሚያስልስ ሰው ይህ አያስገርመውም። ከዚያው ብዙ ሳይርቅ በራንስ ወንዝ አፍ በ1966 ዓ.ም. የተመረቀ ግድብ አለ፤ የሙላቱ ውኃ 24 ተርባይኖችን እያዞረ እስከ 240,000 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ኃይል ይሰጣል።

ሰው ግን ይህን ባሕር ከተራራው ሊያርቀው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ1879 ዓ.ም. መንገደኛ በደረቅ እንዲገባ ተብሎ ከየብስ እስከ ዐለቱ ድረስ የአፈርና የድንጋይ መንገድ ተደለደለ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ሙላቱ ሲመጣ ከባሕር ደለል ይዞ ይመጣል፤ ሲመለስም የወንዙና የራሱ ጕልበት ደለሉን መልሶ ይጠርገው ነበር። መንገዱ የውኃውን መተላለፊያ ስለዘጋ፣ ወንዙም አስቀድሞ በቦይ ስለታሰረ፣ የሚመጣው ደለል የሚመልሰው አጥቶ ተከመረ። ሣር በቀለበት። ደሴቲቱም ቀስ በቀስ ከሜዳው ጋር ወደ መቀላቀል ደረሰች።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብና ዓመታት ጠየቀ። በመጀመሪያ ኩዌኖን በሚባለው ወንዝ አፍ አዲስ ግድብ ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ይህ ግድብ የሙላቱን ውኃ ወደ ወንዙ ያስገባና ይይዘዋል፤ ባሕሩ ሲሸሽ በሮቹን ከፍቶ ይለቀዋል፤ የተለቀቀውም ውኃ ደለሉን እየጠረገ ወደ ባሕር ይወርዳል። ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. ውኃ ከሥሩ የሚያልፍበት 760 ሜትር የሚረዝም በቀጫጭን ምሰሶዎች የቆመ ድልድይ ለመንገደኛ ተከፈተ፤ አሮጌው መንገድም ፈርሶ ተነሣ።

መጋቢት 11 ቀን 2007 በእኛ አቈጣጠር ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ገብታ በሰሜን አውሮጳ ፀሐይን ጋረደች፤ ሁለቱ በአንድ መስመር መሆናቸውን ሁሉም በዐይኑ አየ። በማግስቱ፣ መጋቢት 12 ቀን፣ በየዓሥራ ስምንት ዓመቱ ያህል ብቻ የሚመጣው ታላቅ ሙላት ወደ ወሽመጡ ገባ። ቀኑ በእኛ ዘንድ የቅዱስ ሚካኤል መታሰቢያ ነበር። ብዙ ሺህ ሰው በተራራውና በዳርቻው ቆሞ ይጠባበቅ ነበር። ውኃው ወደ ማታ መጣ፤ የድልድዩን መድረሻ ሸፈነ፣ ቅጥሩን ዞረ፣ ዐለቱም በሁሉም በኩል በባሕር ተከቦ ለጥቂት ጊዜ ደሴት ሆነ። በውስጥ ያሉት መውጣት፣ በውጭ ያሉትም መግባት ስላልቻሉ፣ ባሕሩ እስኪመለስ ድረስ ቆመው ይመለከቱት ነበር።