ዝናብ የሌለው ሐምሌ

ጎንደር አካባቢ ያደገ ሰው ሐምሌ ሲባል ትዝ የሚለው ጭቃው፣ ጉሙና የሞላው ወንዝ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ሐምሌ ማለት ከግንቦት ወዲህ ጠብታ ያልወረደበት፣ እስከ ጥቅምትም ድረስ ይወርዳል ተብሎ የማይጠበቅበት ጊዜ ነው። «ካይጽ» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል አንዳንዱ አስተርጓሚ «ክረምት»፣ ሌላው «በጋ» ብሎ ይተረጉመዋል። በወሩ ከሄድን ክረምት ነው፤ በሰማዩ ከሄድን በጋ ነው። ለጨዋታ ያህል ቢሆን ችግር የለውም። ችግኝ ለሚተክል ሰው ግን ትልቅ ልዩነት አለው።

ሥራ ፍለጋ፣ የቤት ዕዳና የልጆች ትምህርት እያለ ስለ አበባ ማውራት ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። እኛ በማኅበራዊ ሥራ ተሠማርተን ቤት ለቤት የምንዞር ሰዎች ግን ነገሩን እንዲህ ቀላል አድርገን አናየውም። በአገሩ አርሶና አምርቶ ቤተሰብ ያስተዳደረ አባት፣ እዚህ ከመጣ በኋላ ደብዳቤ እንኳ ሲደርሰው ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ይጠብቃል። ምድር ቤት ደርሶት ከደጁ ቁራጭ መሬት ያገኘ እንደሆነ፣ ማንም ሳያስተረጉምለት የሚሠራው ሥራ አገኘ ማለት ነው። ታዲያ ያ የተከለው ሁሉ በነሐሴ ሲደርቅበት የሚሰማው ሐዘን የአበባው ብቻ አይደለም። ቤርሸባ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «የዚህ አገር መሬት እኔን አያውቀኝም» አሉን። «አባባ፣ መቼ ነበር የተከሉት?» ብንላቸው፣ «በሰኔ ነዋ! ሰው ሌላ መቼ ይተክላል?» ብለው ተገረሙብን።

እውነታቸውን ነው፤ በአገራችን ሌላ ጊዜ የለም። ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ሲያገኝ፣ ቤርሸባ የሚደርሰው ወደ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም የሚጥለው በብርዱ ወራት ነው። ስለዚህ የመትከያው ጊዜ «ዮሬ» የሚሉት የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ማለትም በስግድ በዓላችን ሰሞን ነው። በዚያን ጊዜ የተተከለ ችግኝ ብርዱን ሁሉ ሥሩን ሲሰድ ይከርምና ሙቀቱ ሲመጣ ራሱን ችሎ ይቆማል። (የሽሚታን ዓመት ለሚጠብቁ ቤተሰቦች፦ ያለፈው በ2021 እና 2022 ነበር፤ የሚቀጥለው በ2028 መጸው ይጀምራል። በዚያ ዓመት ከመትከል በፊት ቄሶችን ወይም ረቢውን መጠየቅ ነው።)

ምን ይተከል? ከሁሉ አስቀድመን የምናነሳው ጤና አዳምን ነው። ብዙ ሰው ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ተክል ይመስለዋል እንጂ፣ ዕብራይስጡ «ፔጋም» የሚለው ይኸው ጤና አዳም በዚህ አገር ኮረብታ ላይ በገዛ እጁ የሚበቅል ነው። ፀሐይ ይወዳል፤ ውሃ ከበዛበት ይበሰብሳል፤ በጸደይና በሙቀቱ መግቢያ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ለቡናም ይሆናል። ጥንቃቄ ግን ያሻዋል። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃም ይቋጥራል። ስለዚህ አመሻሽ ላይ መቁረጥ ይሻላል፤ እርጉዝ ሴትም በብዛት እንድትጠጣው አይመከርም።

ለአጥር ቡገንቪሊያን የሚስተካከል የለም። ያ ቀዩና ሐምራዊው በእርግጥ ቅጠል ነው፤ አበባው በመካከሉ ያለችው ትንሿ ነጭ ነገር ናት። ደግ እናት አብዝታ ስታጠጣው ቅጠሉ ይንዠረገግና አበባው ይቀንሳል፤ ጥቂት ሲጠማ ነው የሚያምረው። «ሮዝማሪን» የተባለው የጥብስ ቅጠልም ድርቅ ቻይ ነው። ሰገነት ብቻ ላላቸው ደግሞ ፖርቱላካ የምትባል ወፍራም ቅጠል ያላት አጭር ተክል ጥሩ ናት። ፀሐይ ሲወጣ ትከፈታለች፣ ሲመሽ ትዘጋለች፤ ልጆች ይወዷታል።

በየመንገዱ ዳር ሙቀቱን ሁሉ ሮዝና ነጭ ሆኖ የሚያብበውን ሐርዱፍ ግን ሕፃናት ባሉበት ግቢ አትትከሉ። ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው፤ ልብን ይጎዳል። እንጨቱ ለማገዶም ለሥጋ መጥበሻም አይሆንም። ልጅ አኝኮት ከተገኘ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ በ101 ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም መደወል ነው። በአገራችን የወፍ ቆሎ የምንለው ላንታናም በሚሽታላ ይሸጣል። ውበቱ አይካድም፤ ጥሬ ፍሬው ግን ሕፃናትን ይመርዛልና እኛ አንመክረውም።

ውሃውን በተመለከተ፣ በየቀኑ በቀትር እፍኝ እፍኝ ከመርጨት በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ በማለዳ እስኪጠግብ ማጠጣት ይበልጣል። ላይ ላዩን የጠጣ ሥር ላይ ላዩን ይቀርና ሐምሲን ሲነፍስ ይደርቃል። በግንዱ ዙሪያ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ መጎዝጎዝ እርጥበቱን ያቆያል። በሐጸሪም ኪቡጽ በ1965 የተቋቋመው ፋብሪካ ለዓለም ያስተዋወቀው የጠብታ ቧንቧ ዛሬ በየሱቁ አለ፤ ለትንሽ ግቢ የሚበቃውን ያህል ቆርጠው ይሸጡታል።

የውሃ ሂሳቡስ? ብዙ ቤተሰብ አትክልቱን የሚተወው ሂሳቡን ፈርቶ ነውና ይህን አስተውሉ። ለእያንዳንዱ ሰው በወር 3.5 ሜትር ኩብ ውሃ የሚታሰበው በዝቅተኛው ዋጋ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ይወደዳል። ነገር ግን ስንት ሰው በቤቱ እንዳለ ለውሃ ድርጅቱ ካልተነገረ፣ የሚታሰበው ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ስምንት ነፍስ በሚኖርበት ቤት የሁለት ሰው ተመዝግቦ ዓመታት ያለፉበት አጋጥሞናል። ሂሳቡ ላይ «ነፋሾት» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ቁጥሩ ካነሰ የልጆቹ ስም ያለበትን የመታወቂያ አባሪ ይዛችሁ አስመዝግቡ። ዕብራይስጡ ከከበደ ወደ እኛ አምጡት፤ ቅጹ አጭር ነው።

በአገራችን አደይ አበባ የምትፈነዳው ዝናቡ ሲያበቃ በመስከረም ነው። እዚህ በዚያው ሰሞን፣ በብርሃን ሠረቀ አካባቢ፣ ዝናብ ሳይጥል በፊት «ሐጻቭ» የሚባል ረጅም ነጭ አበባ ያለ አንድ ቅጠል ከደረቁ መሬት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሥሩ እንደ ትልቅ ሽንኩርት ነው፤ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ አይቆፈርም። እሱ ሲታይ የራሳችሁን ጉድጓድ መቆፈር ጀምሩ፤ ዮሬ ሩቅ አይደለም።