ሦስት ቀን በስኮትላንድ ተራሮች፣ ከአባዬና ከእማዬ ጋር

ወላጆቼ ሊጠይቁኝ ግላስጎው የመጡት ለሁለት ሳምንት ነበር። አሥራ አንዱን ቀን ያሳለፍነው ቤት፣ መናፈሻና ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው። ሦስቱን ቀን ግን ትንሽ መኪና ተከራይተን ወደ ሰሜን ወጣን። አሁን አዲስ አበባ ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚወራው ስለ ሦስቱ ቀን ብቻ ነው። እማዬ ስለ በጎቹ ታወራለች፣ አባዬ ስለ ድልድዩ። መኪና ውስጥ የተነጋገርነውን ግን ሁለቱም አያነሱትም። እዚህ ለመጻፍ ፈቃዳቸውን ስጠይቅ “ስማችንን ካልጠራሽ ምን ቸገረን” አሉኝ።

የቪዛውን ውጣ ውረድ ያለፈበት ያውቀዋልና በአጭሩ ልለፈው። የባንክ ስቴትመንት፣ የአባዬ የጡረታ ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ ከዩኒቨርሲቲ የተጻፈ ደብዳቤ... ሁሉም ተሟልቶ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ገቡ። ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው። የእማዬ ሻንጣ ሲከፈት ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ወጣ። ቅቤ የለም። የሥጋና የወተት ውጤት ከኢትዮጵያ ይዞ ብሪታንያ መግባት ክልክል መሆኑን በስልክ ደጋግሜ ስለነገርኳት እያዘነች ትታው መጥታለች።

“በጾም ቅቤ ምን ያደርግላታል?” አለ አባዬ።

“ጾሙ አይፈታም እንዴ?” አለች እሷ።

እኔ የምማረው የውኃ ምህንድስና ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ። ትምህርቱ የአንድ ዓመት ስለሆነ እነሱ ሲመጡ የመመረቂያ ጽሑፌን ለማስረከብ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶኝ ነበር። ከዚያ በኋላስ? ይህን ጥያቄ ማናችንም አላነሳነውም። በእኔ ጊዜ ከዚያ የተመረቀ የውጭ ተማሪ ሥራ ለመፈለግም ለመሥራትም ለሁለት ዓመት መቆየት የሚያስችል ቪዛ ማመልከት ይችል ነበር፤ ወላጆቼም ይህን ያውቃሉ። ማታ ማታ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ በሹክሹክታ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ሻይ ይዤ ስገባ ዝም ይላሉ። እንግዲህ ወደ ተራሮቹ እንሂድ ያልኩት ስኮትላንድን ላሳያቸው ብቻ ሳይሆን ከዚያች ቤት ላወጣቸውም ነበር።

ልጃቸውን ሊጠይቁ ለሚሄዱ ወላጆች የሚጠቅም አንድ ነገር ልናገር። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ያለው ተማሪ እዚያ መኖር ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስከ 12 ወር ድረስ በዚያው መንጃ ፈቃድ መንዳት ይችላል፤ እኔ አሥራ አንደኛው ወር ላይ ነበርኩ። አከራዮቹ ግን ዕድሜ ያያሉ፣ ብዙዎቹም ከ25 ዓመት በታች ለሆነ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። ችግሩ ከወረቀቱ በኋላ ነው የሚመጣው። እዚያ የሚነዳው በግራ ነው፤ መሪው በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ አባዬ የተቀመጠው ዕድሜውን ሙሉ ሹፌር ሆኖ በሚቀመጥበት በግራው ወንበር ነበር፤ ፊት ለፊቱ መሪ የለም፣ እግሩ ሥር ፍሬን የለም። ከግላስጎው እስክንወጣ ድረስ የሌለውን ፍሬን ሲረግጥ ነበር። እማዬ ከኋላ ነጠላዋን ተከናንባ ውዳሴ ማርያሟን ታነባለች።

መንገዱ ኤ82 ይባላል። ከከተማው እንደወጣ ብዙም ሳይቆይ የሎክ ሎመንድን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዞ ይሄዳል። ሎክ ማለት ሐይቅ ነው። በታላቋ ብሪታንያ ደሴት በስፋት የሚበልጠው ሐይቅ የለም ብዬ በኩራት ስናገር አባዬ ስፋቱን ጠየቀኝ። 71 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጣና ከ3,000 በላይ መሆኑን እሱም እኔም እናውቃለን። ምንም አላለም፤ ለትሕትና ሲል ሁለት ፎቶ አነሣ። እኔ ግን ሞያዬ ነውና ዝም አላልኩም። የግላስጎው የቧንቧ ውኃ የሚመጣው ከእነዚያ ኮረብታዎች ጀርባ ካለው ሎክ ካትሪን መሆኑን፣ መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1859 ተመርቆ እስከ ዛሬ ከተማውን እንደሚያጠጣ አስረዳሁ።

“በፈረቃ ነው?” አለች እማዬ ከኋላ።

ከዚያ በኋላ ምድሩ እየተራቆተ ይሄዳል። ራኖክ ሙር የሚባለው ረግረጋማ ሜዳ ላይ ቤት የለም፣ ዛፍ የለም፤ ነሐሴ ስለሆነ ግን ሄዘር የሚባለው አጭር ቁጥቋጦ አብቦ ተራራው ሁሉ ሐምራዊ ሆኗል። ቀጥሎ ግሌንኮ መጣ። ግራና ቀኝ ተራራው ገደል ሆኖ ይወርዳል፣ ደመናው መሐል ላይ ተንጠልጥሏል፣ መንገዱ በመካከሉ ይሽሎከሎካል። አባዬ “ሊማሊሞን ይመስላል” አለ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

መኪናውን አቁመን ታሪኩን ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1692 በብርዱ ወራት የመንግሥት ወታደሮች ወደዚህ ሸለቆ መጥተው በማክዶናልድ ጎሣ ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ በእንግድነት ተቀመጡ። ከዚያ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ተነሥተው 38 ያህሉን አስተናጋጆቻቸውን ገደሉ። ወደ ተራራው ከሸሹትም ብዙዎች በብርድ አለቁ።

“ያበሏቸውን?” አለች እማዬ። መግደላቸው ሳይሆን እንጀራቸውን በልተው መግደላቸው ነው የከበዳት። የሚገርመው የስኮትላንድ ሰዎችም ይህን ታሪክ ከ300 ዓመት በላይ ያልረሱት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከዚያ የከፋ እልቂት በታሪካቸው ሞልቷል።

እንደገና ስንነሣ አባዬ መስኮቱን እያየ “ሰዉ የት ሄደ?” አለ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ሀገሩ ለምለም ነው፣ ወንዙ ይፈስሳል፣ በጉ ሜዳውን ሞልቶታል፣ ሰው ግን የለም። አንዳንድ ቦታ ጣሪያ የሌላቸው የድንጋይ ቤቶች ብቻ ቆመዋል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ባለመሬቶቹ ከጭሰኛ ይልቅ በግ ያዋጣል ብለው ገበሬውን ከየሸለቆው እንዳስነሡት ነገርኩት። ሰዉ ወደ ካናዳ፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውስትራሊያ ተበተነ። ዛሬም ስኮትላንድ ውስጥ በጉ ከሰው ይበዛል።

“የሄዱትስ ደኅና ሆኑ?” አለች እማዬ።

ብዙዎቹ በረሃብና በመርከብ ላይ በሽታ እንዳለቁ፣ የተረፉት ግን እንደቋቋሙ፣ ልጆቻቸውም ሀገር እንደመሠረቱ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ምንም ሳታዋዛ፦

“ሚጡ፣ ሥራ ካገኘሽ እዚሁ ቅሪ። አትመለሺ” አለችኝ።

እኔ እኮ እማዬ የመጣችው ልትወስደኝ መስሎኝ ነበር! ከግንቦት ጀምሮ የመመለሻ ትኬት ዋጋ እያየሁ፣ እንዴት ደስ እንደሚላት እያሰብኩ ነበር። ዞሬ እንዳላያት መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። በመስታወቱ የታየኝ የነጠላዋ ጥለት ብቻ ነው። መኪና ውስጥ ዓይን ለዓይን መተያየት ስለሌለ ይመስለኛል፣ ቤት ውስጥ ለአሥር ቀን ያልወጣው ቃል እዚያ የወጣው። “ለምን?” አልኳት። “እኔ ምን አውቃለሁ” አለችና መጽሐፏን ከፈተች። አባዬ የሌለውን ፍሬን ረገጠ።

ፎርት ዊልያም ከግላስጎው 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከከተማው በላይ የቆመው ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ሲሆን ከብሪታንያ ተራሮች ሁሉ ይበልጣል። ይህን ስናገር ሁለቱም ሳቁ፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። “እኛ ተኝተን የምንነሣው ከዚህ አንድ ኪሎ ሜትር ከፍ ብለን ነው፤ እነሱ ለዚህ ልዩ ጫማ ይገዛሉ” አለ አባዬ። እግሩ ባሕር ጠለል ላይ ስለሆነ ሜትሩ ሁሉ በእግር የሚወጣ መሆኑን ላስረዳው ብሞክርም አልሰማኝም። ያን ሳቅ ፈልጌው ነበርና አልተከራከርኩም።

በማግስቱ ጠዋት የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ለቁርስ ገንፎ አቀረበች። የአጃ ነው፤ በጥንቱ የስኮትላንድ ወግ በውኃና በጨው ብቻ የሚሠራ። እማዬ ቀመሰችና “ይህማ የጾም ነው!” አለች። ከሻንጣዋ ሚጥሚጣ አምጥታ ነሰነሰችበት፣ ለሴትዮዋም አቀመሰቻት። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ አቅርሮ “በጣም ጥሩ ነው” አለች፤ ጨዋ ሰው ነበረች።

ከዚያ ወደ ግሌንፊናን ሄድን። እዚህ ላይ ስለ አባዬ ልንገራችሁ። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ፣ ከ30 ዓመት በላይ በምድር ባቡር የናፍጣ ሞተር መካኒክ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። አያቴ ደግሞ በእንፋሎቱ ዘመን የባቡር እሳት ያነድ ነበር። አባዬ ሥራ ሲገባ የእንፋሎት ባቡሮቹ ጡረታ ወጥተው ስለነበር ያያቸው ቆመው እንጂ ሲሄዱ አይደለም። ግሌንፊናን ደግሞ ሃያ አንድ ቅስት ያለው፣ 380 ሜትር የሚረዝም የባቡር ድልድይ አለ። የሃሪ ፖተር ፊልም ያየ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ በበጋው ወራት ዛሬም የእንፋሎት ባቡር ለጎብኚዎች ይሄድበታል።

የመስመሩ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ይህን ሳነብለት አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ከጅቡቲ የተነሣው የእኛ መስመርም ሥራው የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ይህኛው በ1901 ተከፈተ፣ የእኛው በ1902 ድሬዳዋ ገባ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ድልድዩ ብረት ያልገባበት ኮንክሪት መሆኑን ስነግረው ደግሞ አላመነኝም። “ያለ ፌሮ? የአዋሹ እኮ ሁለመናው ብረት ነው” እያለ ቅስቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ።

ረፋዱ ላይ ከሩቅ ፉጨት ተሰማ። በኮረብታው ላይ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ስልኩን አነሣ። አባዬ ግን ኮፍያውን አወለቀ። ባቡሩ ነጭ እንፋሎቱን እየለቀቀ ቀስ ብሎ በቅስቶቹ ላይ ዞረ፤ ጭሱ እኛ ጋ ሲደርስ የከሰል ሽታ አለው። “አባቴ እንዲህ ነበር ልብሱ የሚሸተው” አለ። ከዚያ በፊት ስለ አያቴ ሽታ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ሕዝቡ ሲበተን እማዬ ትንኙን ሸሽታ መኪና ውስጥ ገባች፤ በዚያ ወር ሚጅ የሚሉት ደቃቅ ትንኝ ሰው ያስለቅሳል። አባዬ አጥሩን ተደግፎ ቀረ።

“እናትሽ ትናንት ያለችሽን በክፉ አትይባት” አለኝ። “አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ማታ ፎቶሽን ሳታይ አትተኛም። ቅሪ የምትልሽ ይህችው ናት።”

“ታዲያ ለምን?”

“በእኔ ነው። አሮጌው መስመር ሲቆም ሌላ ሥራ ፈልግ አለችኝ። እኔ ዛሬ ይነሣል፣ ነገ ይነሣል እያልኩ ስንት ዓመት የቆመ ሞተር ስጠርግ ኖርኩ። ስትጠብቅ የኖረችው ከእኔ ጋር ነው። አንቺም ሀገር ገብተሽ እንዳትጠብቂ ነው የፈራችው።”

“አንተስ?”

“እኔማ ክፍልሽን ለአክስትሽ ልጅ እንስጥ ስትለኝ እምቢ ብያለሁ። መጻሕፍትሽ እንዳሉ ናቸው።” ኮፍያውን አደረገ። “ውሳኔው ግን ያንቺ ነው።”

ከማሌግ መኪናችንን በጀልባ ጭነን ወደ ስካይ ደሴት ተሻገርን። እማዬ ባሕር ላይ ስትሆን የመጀመሪያዋ ነውና ነጠላዋን አጣፍታ ስትጸልይ ቆየች። ቃሉን የተናገርኩት እዚያው ነው፤ እንደ መኪናው ሁሉ ሦስታችንም ፊታችን ወደ ባሕሩ ነበር። መስከረም ላይ እንደምመለስ፣ የመመረቂያ ጽሑፌም አዲስ አበባ ውስጥ ከቧንቧ ስለሚባክነው ውኃ መሆኑን፣ ጉዳዩን መሬት ላይ ሆኜ መሥራት እንደምፈልግ ነገርኳት። የተረጋገጠ ሥራ እንደሌለኝም አልደበቅኳትም።

“ውኃው አንቺን ነው የሚጠብቀው?” አለች።

“አይ። እኔ ነኝ የናፈቀኝ።”

መልስ አልሰጠችኝም። ደሴቲቱ ላይ እስክንወርድ፣ ከወረድንም በኋላ ብዙ ሰዓት፣ ከአስፈላጊው በቀር አላናገረችኝም። ስሊጋካን የሚባል አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ዘንድ ፊቱን በወንዙ ውስጥ የነከረ ሰው ውበቱ አይጠፋም የሚል አፈ ታሪክ አለ። ጎብኚዎች በተራ ይነክራሉ። እማዬን ጋበዝኳት። “ጠበል ከሆነ ካህን የታለ?” ብላ ዞር አለች። ኩርፊያዋ ግን እዚያ ላይ መላላት እንደጀመረ አውቄያለሁ፤ እማዬ ካልቀለላት አትቀልድም።

የስካይ መንገድ ብዙ ቦታ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ነው። በየተወሰነ ርቀት ጥግ መያዣ ስላለ ከሁለቱ አንዱ ገብቶ ያሳልፋል፤ ያለፈው እጁን አንሥቶ ያመሰግናል። አባዬ ይህን ሕግ ወደደው። መሪ ባይኖረውም የምስጋናውን ሥራ ወሰደ፤ ለአሳላፊውም፣ ላላሳለፈውም፣ አንዳንዴ ለበጎቹም እጁን ያነሣል።

በሦስተኛው ቀን በስካይ ድልድይ ወጥተን በአይሊን ዶናን ግንብ በኩል ወደ ደቡብ ተመለስን። ዝናቡ አልቆመም፣ ግሌንኮም በጉም ተሸፍኖ ነበር። ሎክ ሎመንድ ዳር ስንደርስ እማዬ ከኋላ መጽሐፏን ዘጋች።

“ያ አጃ፣ ያኛዋ ሴትዮ የሠራችው” አለች።

“እ?”

“ስትመጪ ሁለት ኪሎ ያዢልኝ። ደቃቁን አይደለም፣ ከካውን።”

አባዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለሚመጣው መኪና እጁን አነሣ።