ኮሶው ላይ የታሰረው መጫኛ

አህያዋ ሥራ በማይኖራት ቀን መጫኛው የእኔ ነበር። አንዱን ጫፍ ጓሯችን ካለው የኮሶ ግንድ ላይ ጥብቅ አድርጌ አስርና ሌላውን ይዤ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ወጠር አድርጌ እጄን አንዴ ወደ ላይ ሳነሣው ገመዱ ላይ ጉብታ ይፈጠራል፤ ይሮጣል፣ ግንዱን ይነካል፣ ይመለሳል። አንድ ቀን ልብ ብዬ ሳየው ጉብታ ሆኖ የሄደው ጎድጉዶ መጣ። ደገምሁት። አሁንም ተገልብጦ መጣ።

አያቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። «አባባ፣ ለምን ይገለበጣል?» አልኋቸው።

«ኮሶው አይነሣልህማ» አሉኝ። «አንተ ወደ ላይ ትጎትተዋለህ፤ እሱ ደግሞ ወደ ታች ይይዝብሃል። በል አሁን የአህያዬን መጫኛ አትበጥስብኝ።»

መንደራችን ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከመንገዱ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ መሬቱ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ከታች ቆላው፣ አፋፉ ላይ ሣር የሚነጩ ጭላዳዎች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሥር እየተንከባለለ የሚወጣ ጉም። ለቡሄ ጅራፍ የምናጮኸው እዚያ ነበር፤ አንዱን ጩኸት ገደሉ ሁለትና ሦስት አድርጎ ይመልስልናል። (ቋጥኙ የድምፁን ግፊት ሳይገለብጠው እንደሚመልሰው ያወቅሁት ግን በጣም ዘግይቼ ነው። ያኔ ባውቅ አያቴን እሞግትበት ነበር።) የአያቴን መልስ ለመፈተን መጫኛውን ከቅርንጫፍ ላይ ቁልቁል አንጠልጥዬ ከላይ ነቀነቅሁት። ታችኛው ጫፍ የሚይዘው የለም። ጉብታው እንደ ሄደ፣ ሳይገለበጥ ተመለሰ። የሚገለብጠው በእርግጥም ኮሶው ነበር።

ሌላው የልጅነት ጨዋታዬ የእናቴ የልብስ አረፋ ነው። እሷ በልጅነቷ በእንዶድ ነበር የምታጥበው፤ በእኔ ጊዜ ኦሞ ገብቷል። ሽቦ ክብ አድርጌ አረፋው ውስጥ እነክርና ቀጥ አድርጌ እይዘዋለሁ። ስስ የውሃ ሽፋን ይሠራል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ መስመሮች ቀስ እያሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። ቆይቶ ከላይ በኩል ጥቁር ይመጣል። እኛ ልጆች ጥቁሩን ካየን ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ ሊፈነዳ ነው ማለት ነው። እኔ ቀዳዳ ይመስለኝ ነበር። ቀዳዳማ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ በፈነዳ!

መልሱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ከፊዚክስ መምህራችን ነው። ብርሃን የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ሞገድ ነው፤ ፈጥኖ ከሚሄድበት ወደሚዘገይበት ነገር ሲደርስ፣ ከአየር ወደ ውሃ እንደማለት፣ የሚነጥረው የኤሌክትሪክ ሞገድ በግማሽ ሞገድ ይገለበጣል፤ ከውሃ ወደ አየር ሲሆን ግን አይገለበጥም። ሸመደድሁት፤ ፈተና ላይም አዟዙሬ ጻፍሁት። መልሶ ያቃናኝ መጫኛው ነው። ውሃው እንደ ኮሶው ግትር፣ አየሩ እንደ ተንጠለጠለው ጫፍ ልቅ መሆኑን ሳስብ ነገሩ ቦታውን ያዘ።

የአረፋው ሽፋን ሁለት ፊት አለው። ከፊተኛው የሚነጥረው ብርሃን ተገልብጦ ይመጣል፤ ከኋለኛው የሚነጥረው እንዳለ ይመጣል። ውሃው ወደ ታች እየወረደ ላይኛው ክፍል ከብርሃን ሞገድ በእጅጉ ሲሳሳ በሁለቱ መንገድ መካከል ልዩነት አይቀርም፤ አንዱ ጉብታ ሌላው ጎድጓዳ ሆነው ይጣፋሉ። ጥቁሩ ያ ነው። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው የብርሃን መጽሐፉ ይህንኑ ጥቁር ነጥብ ጽፎታል። እኔ ደግሞ እናቴ እየተቆጣችኝ አይቼዋለሁ።

ብረት ሲሆን ግትርነቱ ይብሳል። ውስጡ እንደ ልብ የሚዘዋወሩ ኤሌክትሮኖች አሉ፤ የመጣው ሞገድ ሲገፋቸው ወዲያው ይንቀሳቀሱና የራሳቸውን ተቃራኒ ሞገድ ይረጫሉ። ብረቱ ፊት ላይ ሁለቱ ተደምረው ዜሮ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። ሄንሪክ ኸርዝ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1888 ካርልስሩኸ ከተማ ባለ የትምህርት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ትልቅ የዚንክ ዝርግ አቁሞ ሞገድ ለቀቀበት። ከመቀበያ ቀለበቱ የምትወጣው ብልጭታ አንዱ ቦታ ላይ ትጠፋለች፣ ፈቀቅ ሲል ትበራለች፣ ደግሞ ትጠፋለች። ይህን ሳነብ ቶሎ ትዝ ያለኝ የጓሯችን አጥር ነው፤ የእኛም ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው።

አያቴ ሬዲዮአቸውን ድንጋይ ላይ አድርገው ያንን የቆርቆሮ አጥር ያስደግፏት ነበር። ከጎንደር የሚመጣው ኤፍ ኤም ይንኮሻኮሻል። «ይህች ሬዲዮ አርጅታለች» ይላሉ፤ በጥፊ መታ መታ ያደርጓታል። ለዕረፍት ከደባርቅ በመጣሁበት ወቅት የኤፍ ኤም ሞገድ 3 ሜትር ገደማ እንደሚረዝም አውቄ ነበር፤ ከብረቱ ሩብ ሞገድ፣ ማለትም 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ስትርቅ የሄደውና የተመለሰው ይደጋገፋሉ።

«ከቆርቆሮው አንድ ክንድ ተኩል ያርቋት» አልኋቸው።

በራሳቸው ክንድ ለኩ፤ በርጩማ አምጥተው ላዩ ላይ አስቀመጧት። ድምፁ ጠራ። ሬዲዮዋን አዩ፣ ቆርቆሮውን አዩ፣ ቀና ብለው ጓሮውን አዩ።

«ታዲያ ቆርቆሮውም ኮሶ ነው በለኛ!»

ገና ላብራራ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡብኝ። ዜና ጀምሮ ነበር።